ሰልፉ በቡና አያጥርም

ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጠጥቶ ስለማሽከርከር ካቀረብነው ዝግጅት በኋላ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን፣ «ጠንከር ያለ ቡና ከጠጡ በኋላ መንዳት አይቻልም ወይ?» ብላችሁ ነው። ለዛሬ ያሰብነውን ትተን ጊዜውን ለዚህ እንሰጠዋለን፤ ምክንያቱም ይህ እምነት ሰው ያስገድላል።

እስቲ አመሻሹ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ያለውን የታክሲ ሰልፍ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ታክሲው ግን አንድ ብቻ፣ የሚጭነውም በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው እንበል። ታክሲው ጉበታችሁ ነው፤ ተሰላፊዎቹ የጠጣችኋቸው ጠርሙሶች ናቸው። ሰው ቢጋፋ፣ ተራ አስከባሪው ቢጮህ፣ ዝናብ ቢመጣ ታክሲው ከልማዱ አይፈጥንም፤ አንዱን አድርሶ እስኪመለስ የቀሩት ቆመው ይጠብቃሉ። አንዲት እናት ጀበና ይዘው መጥተው ለተሰላፊው ሁሉ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ቢያድሉስ? ተሰላፊው ይነቃል፤ ሰልፉ ግን በአንድ ሰው እንኳ አያጥርም። በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም፣ ከጠጡ በኋላ ክትፎ መብላትም ያው ነው። ቡናው እንዲያውም ያታልላል፤ እንቅልፉ የለቀቀው ሰው ስካሩም የለቀቀው ይመስለዋል።

አንድ ጠርሙስ ቢራ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ጠጅና አረቄም ከዚህ ስሌት አያመልጡም። ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት 8 ጠርሙስ የጠጣ ሰው፣ ጥቂት ተኝቶ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መሪ ሲጨብጥ፣ ሰልፉ ገና አላለቀም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በሕግ እንዲደነገግ የሚመክረው ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.05 ግራም አልኮል ነው፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ማመዛዘን ይዳከማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ1 ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ የዘገየ እግር ከ8 ሜትር በላይ ይበላል። ይህን ክፍል ዛሬ ማታ ሰርግ ላለበት ወዳጃችሁ ላኩለት፤ ቻናላችንንም ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉን።

ንጋት 11 ሰዓት ላይ በቸርችል ጎዳና ማን እንዳለ ታውቃላችሁን? ነጠላቸውን ተከናንበው ኪዳን ለማድረስ ወደ ጊዮርጊስ የሚወጡ ምእመናን፣ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው አስፋልቱን የሚጠርጉ ሴቶች አሉ። በከተማችን መንገዶች ላይ ከሚሞቱት አብዛኞቹም እግረኞች ናቸው።

ከጠራጊዎቹ አንዷ የሰፈሬ ሰው ናቸው። የገጫቸው ሹፌር ለፖሊስ የሰጠው ቃል፣ «ቡና ጠጥቼ ነው የወጣሁት» የሚል ነበር። በሕይወት ተርፈዋል፤ ግራ እግራቸው ግን ከጉልበቱ አይታጠፍም፣ በረንዳ ላይ ዘርግተውት ይውላሉ። መጥረጊያቸውን ይዛ ሌሊት 10 ሰዓት የምትወጣው አሁን ልጃቸው ናት፤ እስክትመለስም ቁርስ አይቀምሱም።