ጋሼ የጠየቁኝ ዘፈን

እንዴት ናችሁ። ዶሮው ዛሬ ቀድሞኝ ተነስቷል፣ ቀረጻው መሃል ላይ ከሰማችሁት አትገረሙ። አዎ፣ ያው ዶሮ ነው። ለፋሲካ ይገላግሉኛል ብዬ ነበር፣ ፋሲካን በሰላም ተሻገረ። ከኔ በላይ ዕድሜ ሳይኖረው አይቀርም።

ዛሬ ስለ ቤት ኪራዩ ላወራችሁ ነበር። ግን ቅዳሜ ዕቃ ሳስተካክል ያ ደብተር ወጣ። የጊቢ ሚኒ ሚዲያ ደብተር። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የኔ ሺፍት ነበር፣ ከአስራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ካፌ እራት የሚበላበት። ያጫወትኩትን ሁሉ ጽፌ ከስሩ እፈርም ነበር። ማንም አላዘዘኝም። እንዲያው ትልቅ ጣቢያ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ።

ገለጥኩት። ዌስትላይፍ። ሴሊን ዲዮን። ዌስትላይፍ። ዌስትላይፍ። ኧረ በፈጣሪ! ሽሮውን የሚበላ ተማሪ ምን አድርጎኝ ነው?

ዓመቱ 2004 ነው። ቴዲ አፍሮ አልበም ያወጣበት። ከሚያዝያ በኋላ ያሉት ገጾች እሱ ብቻ ናቸው፣ ሌላ ካጫወትክ ሞንታርቦው ላይ ዳቦ ይወረወራል። የካፌ ዳቦ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ድንጋይ ይሻል ነበር። በየገጹ መሃል የ«ይድረስ ለ» ወረቀቶች ተጣብቀዋል። «ይድረስ ለብሎክ 9 ቆንጆዎች።» «ይድረስ ለዚያች ቀይ ሹራብ ለለበሰችው።» አንዱ ደግሞ «ይድረስ ለራሴ» ብሎ ልኳል። ያን ልጅ ዛሬ ባገኘው ደስ ይለኛል። ሰላም ይሁን ብቻ።

ጂጂም አለች፣ ሁለት ቦታ። የቻግኒ ልጅ ናት እኮ፣ የኛው ጎጃም። ግን ለምን እንዳጫወትኳት አውቃለሁ። አሜሪካ የተቀዳ ሙዚቃ ስለሆነ ነው። ፈረንጅ ያጨበጨበላት ጎጃሜ ችግር የላትም ነበር።

እሺ። ወደዚያው መሄዴ ካልቀረ ልንገራችሁ።

አንድ ዘበኛ ነበሩ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ከሚኒ ሚዲያዋ ክፍል በር አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ዲማ ቅኔ ቤት የነበሩ ናቸው ይባላል፣ እንዴት ዘበኛ እንደሆኑ ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ታኅሣሥ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክፍሏ ውስጥ ሁለት የአዲስ አበባ ልጆች አብረውኝ አሉ፣ አንደኛው ያ የምታውቁት ነው፣ ስሙን አልጠራም። ጋሼ በሩን አንኳኩ። አራት ወር ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን እንኳ አንኳኩተው አያውቁም። ቆባቸውን አወለቁ። ለኔ! ለሃያ ዓመት ልጅ ቆብ ያወልቃሉ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አንቺ ኸቡሬ አይደለሽም? እስቲ ያን የኛን አገር ልጅ፣ ሙሉቀንን ልቀቂልኝ።»

እንግዲህ እነዚያ ልጆች የሚያውቁት የባሕር ዳር ልጅ መሆኔን ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ባሕር ዳር ነኝ ብያለሁ፣ በዚያው ቀረ። «ከ»ን «ኸ» የምንላትን ነገር ለማጥፋት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማምጃለሁ። ሳቁ፣ እናንተ ሳቁ። ቡሬ ምን አደረገኝ? ምንም። እናቴ ይህንን ብትሰማ... እናቴ አትሰማም፣ አሁንም ሥራ እስካገኝ እየጠበቀች ነው።

ካሴቱ ነበረ። መሳቢያው ክፍት ነው፣ ካሴቱ ከላይ ነው። ሽፋኑ የለውም፣ ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቢክ «ሙሉቀን» ተብሎ ተጽፏል፣ «ቀን» የምትለዋ ለቅቃለች። እኔ ምን አደረግኩ? መሳቢያውን በጉልበቴ ገፍቼ ዘጋሁት። ቀስ ብዬ። ድምፅ እንዳያሰማ። ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ፣

«የለንም ጋሼ» አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ ቆባቸውን እያጠለቁ እንዲህ አሉ፦ «አዬ፣ የጎጃም ነገር ሁሉም የለም ነው።» በሩን ዘግተው ወጡ። የአዲስ አበባዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ደብተሩ ላይ ቀጥሎ ያለው... ዌስትላይፍ ነው። ምን ይሁን ታዲያ።

ረስቼው ነበር፣ እውነቴን ነው። ሙሉቀን መለሰ ሚያዝያ 2016 አሜሪካ ሲያርፍ ሁሉም ሰው ዘፈኑን ይለጥፋል፣ እኔም ለጠፍኩ። «የልጅነቴ ድምፅ» ምናምን ብዬ። አፍሬም አላውቅ። ጎጃም ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ ሰው ነው፣ በአፍላው ጊዜ ዓለማዊውን ትቶ ወደ መዝሙር ዞረ። እሱም እንግዲህ ካለው ነገር ላይ «የለኝም» ያለ ሰው ነው። አይ፣ ይሄ አይገናኝም። እሱ ለእምነቱ ነው። እኔ ለሁለት ልጆች ሳቅ ነው።

ያስታወሰኝ መንገዱ ነው። መስከረም ላይ በአውቶቡስ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው። ዓባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ስንደርስ ያ ሜዳ ብቅ ይላል አይደል፣ ጤፉ አረንጓዴ፣ አደይ አበባው በየድንበሩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ መስኮቱን እያዩ «ለም አገር» አሉ። እንዲሁ፣ ለራሳቸው። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

የለም። የ ለም።

ሰውዬው የቅኔ ተማሪ ናቸው እኮ! ሰሙ፣ ጎጃም ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ነገር የለም ይባላሉ። ወርቁስ? የጎጃም ነገር ሁሉም የለም መሬት ነው ማለት ነው? ዋሸሽ ሳይሉ ውሸቴን ነግረውኝ፣ በላዩ ላይ አገሬን መርቀውልኝ ሄዱ? ወይስ በቃ ደክሟቸው፣ በርዷቸው፣ የተናገሩት የተናገሩትን ብቻ ነው? ዘበኛ ሁሉ ቅኔ አይቀኝም። እኔ ነኝ ምናልባት ከአስራ ምናምን ዓመት በኋላ ወርቅ የምፈልገው፣ ውሸቴ ትንሽ እንዲያምርልኝ።

ሌላ ያልነገርኳችሁ አለ። ካሴቱ እኔ ጋ ነው። ስንመረቅ ከመሳቢያው ወስጄዋለሁ። ለምን እንደወሰድኩት ብትጠይቁኝ... ለማስታወሻ እል ነበር። ማጫወቻ የለኝም። አንድ ባለ ላዳ ለመንኩ፣ «ይበላብሻል» ብሎ ከለከለኝ። ዛሬ መጨረሻ ላይ ላሰማችሁ ነበር ያሰብኩት፣ አልሆነም።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። «ለ»ን አጥብቀው ነው ያሏት ወይስ አላልተው? ካጠበቋት ሰም ብቻ ነው። አላልተዋት ከሆነ ግን... ለሊት ተኝቼ እሞክራለሁ፣ በሳቸው ድምፅ። የጎጃም ነገር ሁሉም የለም ነው። ሁሉም የለም ነው። ቆይ፣ መሃል ላይ ትንፋሽ ወስደዋል። የበሩም ድምፅ ነበር፣ ያ ዝገቱ።

የለም...

አይ፣ እንዲህም አልነበረም።