ቀለል ያለ ፑሊ ልግጠም ወይስ ይቅርብኝ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በትርፍ ጊዜዬ እየሠራሁት ያለ መኪና አለኝ። ሞተሩ 6 ሲሊንደር ነው፣ ሁሉም በአንድ ረድፍ። የክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ፑሊ፣ ማለትም ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) የሚዞርበትን ክብ ብረት፣ አውጥቼ ቀለል ያለ የአሉሚኒየም ፑሊ ልገጥም ነው። ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድማችን። እባክዎ ከመፍታትዎ በፊት ፑሊውን በደንብ ይዩት። በመሐሉ ብረትና በዳሩ ቀለበት መካከል ጎማ ካለ ተራ ፑሊ አይደለም። የንዝረት ማብረጃ ነው።

ሲሊንደር በተኮሰ ቁጥር ክራንክሻፍቱ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፣ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። በአንዳንድ ዙሮች ላይ ይህ ከክራንክሻፍቱ የራሱ ንዝረት ጋር ይገጥምና እየበረታ ይሄዳል። ያን ጊዜ የዳሩ ቀለበት ጎማው ላይ ሆኖ በተቃራኒው ይወዛወዛል፣ ንዝረቱንም ጎማው ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ድፍን አሉሚኒየም ሲገጥሙ ይህ ሥራ አብሮ ይቀራል። እንደ እርስዎ ሞተር ያለ ረጅም ክራንክሻፍት ደግሞ ከአጭሩ ይበልጥ ይጠመዘዛል። ጉዳቱ ያኑ ቀን አይታይም። ቀስ በቀስ ብሮንዚናው (ክራንክሻፍቱ የሚዞርበት መደብ) ይበላል፣ ክራንክሻፍቱ በቀጥታ የሚያዞረው የዘይት ፓምፕ ማርሽ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ሲብስ ክራንክሻፍቱ ራሱ ይሰበራል።

ወደ ጉልበቱ ስንመጣ፣ ቀላል ፑሊ አዲስ ጉልበት አይፈጥርም። ሞተሩ የራሱን ዕቃዎች ለማፍጠን የሚያወጣውን ይቀንሳል። ስለዚህ የሚሰማዎት ዙር ሲጨምር ነው፣ በተለይ በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ። በአንድ ፍጥነት ሲነዱ ለውጥ የለውም። ደግሞም ክብደቱ ከመሐል የራቀበት ርቀት ወሳኝ ነው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያንስ ጥቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። 1 ኪሎ ከትንሹ ፑሊ መቀነስና ከፍላይዊሉ (ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ካለው ትልቅና ከባድ ክብ ብረት) ዳር መቀነስ አይገናኙም። እኔ ብሆን ማብረጃውን አልነካም። የግድ መለወጥ ካለበት፣ ለዚያው ሞተር ተብሎ የተሠራና ማብረጃ ያለው ይግዙ።

ጥያቄ፦ እኔ ከፋብሪካው ያነሰ የክራንክሻፍት ፑሊ ገጥሜያለሁ። አሁን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጥ ሞተሩ ሲሠራ) የባትሪ ምልክቷ ትበራለች። ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዲናሞው ደኅና ሊሆን ይችላል፤ በቂ ዙር አላገኘም። እናስላው። የክራንክሻፍቱ ፑሊ 150 ሚሊ ሜትር፣ የዲናሞው 60 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ሲዞር ዲናሞው 2,000 ይዞራል። ትልቁን ወደ 120 ሲያወርዱት 1,600 ይሆናል። በዚያው ቺንጋ የሚዞር ከሆነ የውሃ ፓምፑም 20 በመቶ ይዘገያል፤ መንገድ ሲዘጋጋ ሙቀቱን ይከታተሉ። ሞተሩ እየሠራ፣ የፊት መብራቱና ፋኑ በርተው ባትሪው ላይ ቮልት ይለኩ። 14 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ከ13 ከወረደ ባትሪው እያለቀ ስለሆነ የድሮውን ፑሊ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የክራንክሻፍቱ ብሎን እምቢ አለኝ። ቁልፉን ሻንሲው ላይ አስደግፌ በሞተሪኖ (ሞተሩን በሚያስነሳው) ልፍታው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ቁልፉ ካመለጠ ሰው ይጎዳል። ፑሊውን የሚይዝ መሣሪያ ተጠቅመው በረጅም እጀታ ይፍቱት። ብሎኑ ከወጣ በኋላም ፑሊውን ከዳሩ ይዘው አይጎትቱ፤ ጎማው ይላቀቃል። መሐሉን በሚይዝ መንቀያ ያውጡት።

ግን ከሁሉ በፊት የሞተሩን መመሪያ ያንብቡ። በማዝዳ ኤል ተከታታይ ሞተሮችና በቅርብ ዘመዶቻቸው በፎርድ ዱራቴክ 4 ሲሊንደሮች ላይ ካምሻፍቱን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረው የካቴናው (የሰንሰለቱ) ማርሽ ክራንክሻፍቱ ላይ በቁልፍ ብረት (እንዳይንሸራተት በሚያስር ትንሽ ብረት) አልተያዘም። የሚይዘው የዚያ ብሎን ጥብቀት ብቻ ነው። ክራንክሻፍቱንና ካምሻፍቱን በልዩ መሣሪያ ሳይቆልፉ ከፈቱት ታይሚንጉ (ሁለቱ ዘንጎች እኩል ተናበው መዞራቸው) ይዛባል፣ ቫልቮቹም ከፒስተን ጋር ሊጋጩ ይችላሉ። ሲመልሱ መመሪያው አዲስ ብሎን ካዘዘ አዲስ ይግዙ፣ በቶርክ ቁልፍም (ጥብቀትን በሚለካ ቁልፍ) እስከታዘዘው ልክ ያጥብቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ፑሊዎች ከገጠምኩ ወዲህ ቺንጋው ይጮኻል። ቺንጋው ግን አዲስ ነው።

መልስ፦ ቀጥ ያለ ብረት ፑሊዎቹ ፊት ላይ ያስደግፉ። አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ ምክንያቱ እሱ ነው። መስመር ላይ ከሆኑ የቺንጋውን ርዝመት ይዩ፤ ፑሊው ካነሰ የድሮው ልክ ይረዝምና መወጠሪያው አይደርስበትም።