«ሌላ!» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ተመራቂ መምህራን፣ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ የምታደርጉትን ሁሉ ሆን ብላችሁ አድርጉት። ስትጠይቁ ለምን እንደምትጠይቁ እወቁ። ስትቆጡም፣ ስትስቁም፣ ዝም ስትሉም እንደዚያው። ልጆች ከቃላችን ቀድመው የሚያነቡት ምን ፈልገን እንደመጣን ነውና።

አንድ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላንሳላችሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ብሎ ጻፈ። እጆች ወጡ። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» የሚለውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። አንድ ልጅ ተነስቶ «ሁለት አምስተኛ» አለ። «ሌላ!» አለ መምህሩ። ልጁ ተቀመጠ። አንዲት ልጅ ተነስታ «አምስት ስድስተኛ» አለች። «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ተጨበጨበ፣ ትምህርቱ ቀጠለ። መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሰዓቱ እየሄደበት ነው፣ ምዕራፉም ማለቅ አለበት። ግን የጠየቀው ትክክለኛው መልስ ከአንድ ሰው አፍ እንዲወጣለት ነበር፤ ወጣለት፣ አለፈ።

እስቲ ወደዚያ «ሁለት አምስተኛ» እንመለስ። ልጁ ዝም ብሎ አልገመተም። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ነው ያመጣው። የራሱ መንገድ አለው ማለት ነው፤ ማንም ካላየለት ደግሞ ክፍልፋይ ባገኘ ቁጥር በዚያው መንገድ ይሄዳል። አንዲት መምህርት ይህንኑ መልስ ስትሰማ «እንዴት አመጣኸው? ና አሳየን» ብላ ጠመኔውን ሰጠችው። አሳየ። «ጥሩ። ግማሽ ዳቦ ነበረህ፣ ላዩ ላይ ጨመርኩልህ። አሁን ያለህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» «ይበልጣል።» «ሁለት አምስተኛስ?» ልጁ ሰሌዳውን አየ፣ እጁን ዘረጋ፣ ከአምስት ጣቶቹ ሁለቱን አጠፈ፣ ቀሪዎቹን ሦስቱን ቆጠረና «እንዴ!» አለ። ያቺ «እንዴ!» የአንድ ሳምንት ማብራሪያ ታስንቃለች ባይ ነኝ።

ሁለቱም የጠየቁት አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ የጠየቁበት ምክንያት ግን ይለያያል። ተማሪዎችም ይህን በደንብ ያውቁታል። መምህሩ መልስ ብቻ እንደሚፈልግ የገባው ልጅ እርግጠኛ እስካልሆነ ድረስ እጁን አያወጣም። «ገባችሁ?» ሲባልም ከሁሉም ጋር አብሮ «አዎ!» ይላል። ሁላችንም ብለናል እኮ። አብዛኛውን ጊዜ «ገባችሁ?» ማለት «ልቀጥል ነው» ማለት መሆኑን ተማሪው ስለሚያውቅ ይፈቅድልናል፤ እኛም እንቀጥላለን።

ልጆች ይህን ችሎታ ትምህርት ቤት የሚማሩት እንዳይመስላችሁ። ጌርጌይ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። የ14 ወር ሕፃናት ፊት አንድ ትልቅ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ መብራት በግንባሩ ተጭኖ ያበራል። ሰውየው እጆቹ ነፃ ሆነው ሳሉ በግንባሩ ሲያበራ ካዩት ሕፃናት ከአስሩ ሰባት ያህሉ ከሳምንት በኋላ እነሱም በግንባራቸው ሞከሩ። ሰውየው የበረደው መስሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እጆቹ ብርድ ልብሱን እንደያዙ ሲሆን ግን በግንባራቸው የሞከሩት ከአስሩ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በእጃቸው ነክተው አበሩት። ተመራማሪዎቹ እንዲህ ነው የተረዱት፦ እጁ ተይዞበት ከሆነ ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ እጁ ነፃ ሆኖ በግንባሩ ካደረገው ግን ሆን ብሎ ነው፣ ስለዚህ አንድ ምክንያት ይኖረዋል። ይህን የሚያመዛዝነው ገና አፉን በቅጡ ያልፈታ ልጅ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዋርኔከንና ቶማሴሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ዓመት ተኩል የሆናቸውን ልጆች አዩ። ልብስ የሚያሰጣው ሰው መቆንጠጫው አምልጦት ሲወድቅበትና እጁን ዘርግቶ መድረስ ሲያቅተው ልጆቹ ሄደው አንስተው ይሰጡታል። አውቆ ሲጥለው ግን አብዛኞቹ ዝም ብለው ያያሉ።

ሰፈር ውስጥ ልጆች ሲጣሉ ብትሰሙም መጀመሪያ የሚወጣው ክስ «አውቆ ነው!» የሚለው ነው። ሽማግሌም ሊያስታርቅ ሲቀመጥ የሚያጣራው ይህንኑ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ሰውን አስቦ የገደለውንና በቸልተኝነት ለሞት ያበቃውን ለየብቻ ነው የሚቀጣው፣ ሟቹ በሁለቱም ሞቶ እያለ። እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ፍጡር ከሆነ፣ ስልሳና ሰባ ጥንድ ዓይን ፊት ቆመን የመጣንበት ነገር አይታወቅብንም ብለን ማሰብ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። «ለራሱ ብዬ ነው የመታሁት» የሚል ሰው ሞልቷል። ይህን አልቀበልም። ልጁ የሚያየው የተነሳውን እጅና የተቆጣውን ፊት ነው። ልባችን ውስጥ ያለው በጎ ሐሳብ ልጁ በሚያየው ነገር ውስጥ ካልታየ ለእሱ የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ከዝምታ እንጀምር። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ስትለካ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰከንድ ያህል ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝም የሚለው ተማሪ ቀነሰ፣ ሰነፍ ይባሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ እኮ ናት! ፊት ለፊት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ግን ትረዝማለች፤ ሆን ካላላችሁ አትጠብቋትም።

የፕላዝማ ዘመን ተማሪዎች ይህን በደንብ ይረዱታል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይመጣ የነበረው ትምህርት ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ጥቂት ሰከንድ ይሰጥና መልሱን ራሱ ይናገራል፤ ክፍሉ ቢመልስም ባይመልስም ይሄዳል። ምስሉ የተዋጣ ነበር፣ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤትም ጠቅሟል። መልሳችሁን የሚጠብቅ ሰው ግን ማዶ አልነበረም፣ ተማሪውም ይህን ያውቅ ስለነበር ብዙው ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ለመገልበጥ ብቻ ይሯሯጥ ነበር። እኛ በአካል ቆመን እንደዚያ ስክሪን እንዳንሆን ነው የምለምናችሁ።

የዕለት ዕቅድ ትጽፋላችሁ። «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች... ይዘረዝራሉ» የሚለውን ካለፈው ዓመት መገልበጥ ቀላል ነው፤ ርዕሰ መምህሩም ፈርሞ ይመልስላችኋል። እሱን ጻፉት፣ ግዴታ ነው። ከግርጌው ግን በእርሳስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፣ መልሱን እናንተ በእውነት ልትሰሙት የምትፈልጉትን። ልጆቹ የት ጋ ሊሳሳቱ እንደሚችሉም ከጎኑ ጻፉ፤ «ሁለት አምስተኛ» ስትሰሙ አትደነግጡም፣ አታልፉትምም።

ሰባ ልጅ በአርባ ደቂቃ አይዳረስም። አውቃለሁ። ለዚህ ነው በየክፍለ ጊዜው ሦስት ስም አስቀድማችሁ ምረጡ የምለው። እጅ ከሚያወጡት አይሁን፤ ከኋላ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ ድምፃቸው ተሰምቶ ከማያውቀው ምረጡ። በስማቸው ጥሯቸው፣ ጠይቋቸው፣ ሦስት ሰከንዷን ስጧቸው። ከተሳሳቱ «ሌላ!» አትበሉ፤ «እንዴት አመጣኸው?» በሉ። በማግስቱ ሌሎች ሦስት።

መልካም የሥራ ዘመን። አመሰግናለሁ።