ስድስት ደቂቃ በስድስት ደቂቃ፦ የጠበቃ ሰዓት አመዘጋገብ

ጠበቃዋ፦ ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምንወያየው በሰዓት የሚያስከፍሉ ጠበቆች ጊዜያቸውን በትክክል ስለሚመዘግቡበት መንገድ ነው። ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ብዙው የጥብቅና ውል በቁርጥ ክፍያ ወይም ከክርክሩ ገንዘብ በመቶኛ የሚታሰብ ስለሆነ፣ ለአንዳንድ አድማጮች ጉዳዩ የሩቅ ሊመስል ይችላል።

ጠበቃው፦ ይችላል። ሆኖም አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩ ከፈቀደ ወዲህ፣ ከውጭ ደንበኞች ጋር ለሚሠራ ሰው የሰዓት ሂሳብ የሚቀር ነገር አይደለም። በቁርጥ የሚያስከፍል ጠበቃም ቢሆን አንድ ጉዳይ ስንት ሰዓት እንደፈጀበት ካላወቀ የሚቀጥለውን ዋጋ የሚቆርጠው በግምት ነው።

ጠበቃዋ፦ አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ሰዓትን ለአሥር ከፍሎ በ6 ደቂቃ መቁጠር ነው። መለኪያው ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል?

ጠበቃው፦ በእርግጥ ያመጣል። ለአንድ ደንበኛ እያንዳንዳቸው 3 ደቂቃ የፈጁ 4 የስልክ ጥሪዎች አደረግሽ እንበል፤ የሠራሽው 12 ደቂቃ ነው። እያንዳንዱን ወደ 6 ደቂቃ ብታሳድጊው 24 ደቂቃ ይሆናል፤ ወደ 15 ደቂቃ ብታሳድጊው ግን አንድ ሙሉ ሰዓት ታስከፍያለሽ። ስለዚህ መለኪያው በውሉ ላይ ይጻፍ፤ የቀኑን ጥሪዎች ደምሮ አንድ ጊዜ ብቻ ማጠጋጋት ደግሞ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው ባይ ነኝ።

ጠበቃዋ፦ የእኔ ችግር የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የሳምንቱን ሰዓት የምጽፈው ዓርብ ማታ ነበር። ሰኞ ያረቀቅኩትን አቤቱታ አስታውሳለሁ፤ በመሀል የመለስኳቸውን ኢሜይሎች ግን ጨርሶ እረሳቸዋለሁ። ለአቤቱታው ደግሞ፣ ስለደከምኩበት ይመስለኛል፣ ከእውነቱ በላይ ሰዓት እሰጠው ነበር።

ጠበቃው፦ ሁለት ስህተት በአንድ ወረቀት! ደንበኛውም ድርጅቱም የተጎዱበት ሂሳብ ነው። ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ እዚያው መጻፍ ያስፈልጋል፤ የስልክ ሰዓት ቆጣሪም ሆነ ተራ ደብተር ይበቃል። ቆጣሪው ግን አንቺ ሻይ ስትጠጪም ይቆጥራልና ማስቆሙን ልማድ ማድረግ አለብሽ። የእኛ ብቻ የሆነ ወጥመድም አለ፦ በደብተርሽ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ያልሽውን ስልክሽ 9 ሰዓት ይለዋል። አንድ ባልደረባዬ ሁለቱን ቀላቅሎ ለውጭ ደንበኛ በላከው ሂሳብ ላይ፣ ሌሊት ስብሰባ የተቀመጠ መስሎ ታይቷል። ሰዓቱም ቀኑም በአንድ አቆጣጠር ይጻፍ።

ጠበቃዋ፦ ፍርድ ቤት የምንጠብቀውስ? ልደታ በአንድ ጠዋት የሦስት ደንበኞች ቀጠሮ ኖሮኝ 4 ሰዓት ባሳልፍ፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ሰዓት ልጽፍ እችላለሁ?

ጠበቃው፦ አትችዪም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር አስተያየት ይህንኑ የሚመስል ምሳሌ አንሥቶ፣ 4 ሰዓት ያሳለፈ ጠበቃ 12 ሰዓት ሊያስከፍል እንደማይገባ አስረድቷል፤ ለአንዱ ደንበኛ በአውሮፕላን እየተጓዙ የሌላውን መዝገብ ሠርቶ ሁለቱንም ማስከፈልም እንዲሁ አይፈቀድም። ኮሪደር ላይ የጠበቅሽው ለሦስቱ ይከፋፈላል። ስትጠብቂ የአራተኛ ደንበኛ ውል ካነበብሽ ግን ያ ጊዜ የአራተኛው ብቻ ነው። ጥበቃው ጨርሶ ይከፈልበታል ወይ የሚለውን ውሉ ቀድሞ ይመልሰው፤ ችሎት በር ላይ የሚያልቀውን ጠዋት አንቺም ታውቂዋለሽ።

ጠበቃዋ፦ አውቀዋለሁ እንጂ! የሥራው መግለጫስ? «ምርምር፣ ስልክ፣ ረቂቅ፣ 5 ሰዓት» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው።

ጠበቃው፦ እንዲህ የተጠቀለለ ሂሳብ የትኛው ሥራ ምን ያህል እንደፈጀ አያሳይም። አሜሪካ ውስጥ ተሸናፊው የጠበቃ ወጪ እንዲተካ ሲጠየቅ፣ ፍርድ ቤቶች በዚህ ምክንያት የተጠየቀውን የቀነሱባቸው ጉዳዮች አሉ። «በኪራይ ውሉ ውስጥ ስለ ውል ማቋረጥ የተጻፈውን መርምሮ የጽሑፍ አስተያየት ማዘጋጀት፣ 1.4 ሰዓት» ብትዪ ደንበኛው 84 ደቂቃው የት እንደሄደ ያያል።

ጠበቃዋ፦ እኔ ሕጉን ለመማር ያጠፋሁትን ሰዓትስ ልተወው?

ጠበቃው፦ አትተዪው፤ ጻፊውና ክፍያውን ዜሮ አድርጊው። ደንበኛው ያልተከፈለበትን ሥራ በሂሳቡ ላይ ያያል፤ እኛም ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ በጽሑፍ ይኖረናል።