ጡሩምባው የማይጠራው በሽታ

የተከበሩ የዕድራችን ዳኛ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ዳኛችን «አሥር ደቂቃ ብቻ፣ መዋጮው ገና አልተሰበሰበም» ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ ድንኳን ስተክል ነው። እንጀራዬ ግን ከሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ከታማሚ ገላ የተወሰደ ሥጋ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ጠጥቶ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ ይመጣልኛል፤ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። ማታ ደግሞ ጡሩምባ ሲነፋ ከእናንተ ጋር እወጣለሁ። የሟች ስም ይጠራል፣ የቀብሩ ሰዓት ይነገራል፤ በሽታው ግን «ለረጅም ጊዜ በሕመም ሲረዱ ቆይተው» ተብሎ ይታለፋል። ካንሰር የሚለው ቃል ድንኳናችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስሙን ስለማንጠራው ምክንያት የሌለው ይመስለናል። እርግማን ነው፣ የዓይን ጥላ ነው እንላለን። ምክንያት ግን አለው፤ ከምክንያቶቹም አንዱ በመርፌ የሚዘጋ ነው። የመጣሁት ይህን ልናገር ነው።

እያንዳንዱ የገላችን ሕዋስ መቼ እንደሚባዛ፣ መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚሞት የተጻፈበት ደንብ ይዟል። ዲኤንኤ የሚሉት እሱን ነው። ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ደንቡ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ፊደል ይሳሳታል፤ አብዛኛውን ሕዋሱ ራሱ ያርመዋል። ካንሰር የሚነሣው ሳይታረሙ ያለፉ ስሕተቶች አንድ ሕዋስ ውስጥ ሲከማቹ ነው፤ በተለይም «ቁም» የሚለው አንቀጽ ሲሰረዝ። ክምችቱ ዓመታት ስለሚፈጅ ነው ሰው መነሻውን የማያስታውሰው።

ደንቡን ከሚያበላሹት አንዱ ኬሚካል ነው። በ1775 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ፐርሲቫል ፖት የተባለ ሐኪም፣ በልጅነታቸው የጭስ ማውጫ ሲጠርጉ ያደጉ ወንዶች የቆለጥ ከረጢታቸው ቆዳ ላይ ካንሰር እንደሚወጣባቸው አስተዋለ፤ ጥላሸቱ ነው አለ። ልክ ነበር። ያ ጥላሸት የያዘው ዓይነት መርዝ ዛሬ በሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ፤ እንጀራ ስንጋግር ዓይናችንን በሚያስለቅሰው የእንጨት ጭስም አለ።

ለእኛ ጓዳ ግን ከጭስ ያላነሰ የሚያሳስበኝ ሻጋታ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተርኪ ከሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከመቶ ሺህ በላይ አለቁ። ሲጣራ መኖአቸው የሻገተ ኦቾሎኒ ነበረበት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝም አፍላቶክሲን ተባለ። የሚገርመው ነገር፣ ጉበታችን ይህን መርዝ አጥቦ ላስወጣ ሲል ወደ ባሰ መርዝ ይለውጠዋል፤ እሱም ዲኤንኤው ላይ ተጣብቆ ፊደል ያስታል። በአገራችን በተደረጉ ምርመራዎች በኦቾሎኒም፣ በበርበሬም ተገኝቷል፤ በላም መኖ፣ በኑግ ፋጉሎ አልፎ ወተት ውስጥ ሲገባም ታይቷል። መቁላት አያጠፋውም፤ ማጠብም አያጠፋውም። እንግዲህ የዕድራችን ግምጃ ቤት ጥግ ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠው የበርበሬ ጆንያ... ዓይኔ ካላሳሳተኝ ከሥሩ ረጥቧል። ዛሬውኑ ይታይ።

ጨረርን በአጭሩ ልለፈው። ዲኤንኤን እንደ ክር ይበጥሳል፤ ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የደም ካንሰር የበዛው ለዚህ ነው። ሐኪም ላዘዘላችሁ ራጅ ግን አትፍሩ፤ መጠኑ ትንሽ ነው። ቆዳቸው ነጭ ሆኖ የተወለዱ ልጆቻችን ግን በፀሐይ ይጎዳሉ፤ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ አይለያቸው።

አሁን ወደ ተዋሲያኑ። የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪኒን ያልዋጠ ካለ እጁን ያውጣ! አያችሁ? ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1984 እ.ኤ.አ. ያንን ባክቴሪያ በብርጭቆ ጠጥቶ ጨጓራውን አሳመመ፤ ሰው አላምን ስላለው። ብዙው ሰው ተሸክሞት በሰላም ይኖራል፤ በጥቂቱ ላይ ግን ለዓመታት እያቆሰለ ወደ ካንሰር ያደርሳል። የጉበት ቫይረስ የምንለው ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ነው፤ ከሻጋታው መርዝ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የጉበት ካንሰር አደጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ይህን ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸልሟል። ቫይረሱ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ዘበኛውን ይገድላል። ዘበኛ የምለው ደንቡ የተበላሸበትን ሕዋስ «አትባዛ» የሚለውን ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ የነካውን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ብታዩት መሐሉ ጠቁሮ፣ እንደ ዘቢብ ተጨማዶ፣ ዙሪያው ባዶ ክብ ሆኖ ነው። አንዴ ያየው አይረሳውም።

እዚህ ላይ አባቶቼ ይስሙኝ። ይህ ቫይረስ በግንኙነት ይተላለፋል፤ ግን አብዛኛው ሰው በዕድሜው ያገኘዋል፣ ገላውም በአንድ ሁለት ዓመት ያስወጣዋል። ስለዚህ የታመመች ሚስት አትጠርጠር፣ አትሰደብ። ካልወጣ ነው አሥራ አምስት ሃያ ዓመት ተደብቆ ካንሰር የሚሆነው። ያ ሁሉ ዓመት ደግሞ የእኛ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እናቶች ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ነርሷ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ትቀባለች፤ የተለወጠው ቦታ ይነጣል፤ ካንሰር ሳይሆን በፊት ይታከማል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው እህቶች አደጋቸው ስድስት እጥፍ ስለሆነ ቀድመው ይሂዱ።

የኤች ፒ ቪ ክትባት አገራችን የገባው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ከዚሁ ድንኳን ሰምቼዋለሁ። ሐሰት ነው። ስዊድን ውስጥ ከ17 ዓመታቸው በፊት የተከተቡት ላይ ይህ ካንሰር 88 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። የእኔ ልጅ ተከትባለች፤ ክንዷን ሁለት ቀን አመማት፣ እኔን ደግሞ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ለማስተማሪያ የተቀመጠ አንድ መስታወትና ማይክሮስኮፕ በፈቃድ ተውሼ አምጥቻለሁ። ግምጃ ቤቱ በር ላይ አለሁ፤ ያንን ዘቢብ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። በርበሬውንም አብረን እናየዋለን። ዳኛችን፣ ወደ መዋጮው።