መጀመሪያ ሜዳው ይመለስልን
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፤

የሥራ አመራር ኮሚቴው በጡረታ ላይ ያለሁ ነርስ መሆኔን አስቦ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር በሽታ እንድናገር ስለ ጋበዘኝ አመሰግናለሁ። ስለ ጨውና ስለ ዘይት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤታችን ድረስ እየመጡ ስለ ነገሩን አልደግመውም። እኔን ያስነሣኝ፣ በየስብሰባው «ሕዝቡ ለጤናው ግድ የለውም» እየተባለ የሚቀርብብን ክስ ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አንድ አባት ስኳር ተገኝቶባቸው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ ታዘዙ። እሳቸውም ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና በማግስቱ ገና ሳይነጋ ከዘራቸውን ይዘው፣ ልጆቻችን ኳስ ሲጫወቱበት፣ እኛም ድንኳን ስንተክልበት ወደ ኖርነው ሜዳ ወረዱ። ሜዳው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ዘበኛው «አባባ፣ ማለፍ ክልክል ነው» አላቸው። ወደ አስፋልቱ ዞሩ፤ የእግረኛው መንገድ ላይ መኪና ቆሞበታል፣ በቀረው ቦታ የሱቅ ዕቃ ተዘርግቶበታል። ወደ መኪናው መንገድ ሲወርዱ የሚኒባስ ጥሩምባ አስደንግጧቸው ሸሹና ክዳን የሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከወራት በኋላ ለክትትል ሲሄዱ፣ አንድ ወጣት ሐኪም የስኳራቸውን መጠን አይቶ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ለራስዎ አያስቡም!»

እኚህ ሰው ናቸው ለራሳቸው የማያስቡት? ወይስ ሜዳውን ያጠረው፣ ቦዩን ከፍቶ የሄደው? ኅዳር 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአንድ እሑድ ከመኪና ነጻ በተደረጉ ጊዜ፣ ሰነፍ የተባልነው እኛው ከነልጆቻችን ወጥተን አስፋልቱን አልሞላነውም ነበርን? እግር አላነሰንም፤ ያነሰን መርገጫ ነው!

መንግሥት ወጥ ቤታችን ገብቶ ማንኪያ ይቀማን እያልሁ አይደለም። ለቡና ስኳር የምንቆልለው፣ ጠግቤአለሁ ያለውን እንግዳ «በሞቴ» ብለን የምናጎርሰው ራሳችን ነን። ነገር ግን የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው፣ በምግብ ቤትና በመሥሪያ ቤት ውስጥ ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ ይህን ማንም ግለሰብ በጽናቱ ብቻ ሊያደርገው አይችልም ነበር። ያው አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል፤ በሠፈራችን ግን ደብተር ለያዘ ልጅ ሲሸጥ «ስንት ዓመትህ ነው?» የሚል አላየሁም። ተቆጣጣሪው ወዴት ነው?

ስለ ሐዘን ቤት ምግባችንና ስለ ለስላሳው የምለው ነበረኝ፤ ኮሚቴው በሌላ ቀን ቢያየው ይሻላል። ሜዳው እንዲመለስ፣ ቦዩም እንዲከደን ለክፍለ ከተማው የተጻፈው ደብዳቤ ጸሐፊያችን ዘንድ ይገኛል። አንብባችሁ፣ የምትስማሙበት ከሆነ ሳትፈርሙ እንዳትወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።