አሸዋው የራሴን ፖኬሞን በላብኝ

እህት፦ ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬም እኔና ታናሽ ወንድሜ ማይክ ፊት ተቀምጠናል። የዛሬው ጉዳያችን ፖኬሞን ነው፣ ፍጡራንን እያፋለሙ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ። የጨዋታውን ታሪክ ስለ መጨረስ ሳይሆን ሰው ከሰው ጋር ስለሚገጥምበት ውድድር እናወራለን። ለዚያ የሚሆን ቡድን እንዴት ይሠራል?

ወንድም፦ እኔ ቁስሌ ሳይደርቅ ነው የመጣሁት። ቅዳሜ ማታ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፍኩ። ስድስቱም ፖኬሞኖቼ ጠንካሮች ናቸው። አንድም ደካማ የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት።

እህት፦ እንመጣበታለን። መጀመሪያ ለአዲስ አድማጮቻችን ሕጉን ንገራቸው።

ወንድም፦ እሺ። የምናወራው ሁለት ለሁለት ስለሚገጠምበት ይፋዊ ውድድር ነው። ቁጥሮቹን የምንጠቅሰው በ2022 ከወጡት የፖኬሞን ጨዋታዎች ከስካርሌትና ቫዮሌት ነው። ስድስት ፖኬሞን ይዘህ ትመጣለህ። ያንተም የተጋጣሚህም ስድስቶች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። በ90 ሰከንድ ውስጥ ከስድስቱ አራቱን ትመርጣለህ። ሁለቱ ሜዳ ይወጣሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ይጠብቃሉ። ሁሉም ደረጃ 50 ሆነው ነው የሚጋጠሙት። ደግሞ አንድን ዕቃ ለሁለት ፖኬሞን ማስያዝ አይቻልም።

እህት፦ ጥሩ። አሁን ቅዳሜ የሆነውን ንገረኝ። ማንን አስቀድመህ አወጣህ?

ወንድም፦ ታይራኒታርንና ዊምሲኮትን። ታይራኒታርን ታውቂዋለሽ፣ ግድግዳ የሚያፈርስ ነው። ዊምሲኮት ደግሞ ትንሽ፣ ፈጣን፣ ግን በአንድ ምት የሚወድቅ። ሥራው ቴይልዊንድ ማንሣት ነው፣ የቡድኑን ፍጥነት የሚጨምር ነፋስ። ፕራንክስተር የሚባል ችሎታ ስላለው እንዲህ ያሉትን ሙቮች፣ ማለትም በየዙሩ የሚመረጡ ድርጊቶች፣ ከሌላው ቀድሞ ይጠቀማል። እንዳይወድቅብኝ ብዬ ፎከስ ሳሽ የሚባለውን ዕቃ አስያዝኩት።

እህት፦ ሳሹ ምን እንደሚያደርግ ለሚሰሙን ንገራቸው።

ወንድም፦ ላይፉ፣ ማለትም የሕይወት ነጥቡ፣ ሙሉ ሆኖ ከተመታ፣ ምቱ ምንም ያህል ቢከብድ በ1 ላይፍ ይተርፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው።

እህት፦ ሙሉ ሆኖ ከተመታ። ይቺን ያዝልኝ። ታይራኒታር ሜዳ ሲገባ ምን ይነሣል?

ወንድም፦ አሸዋ። የራሱ ችሎታ ነው፣ ሲገባ ወዲያው የአሸዋ ማዕበል ይነሣል።

እህት፦ አሸዋው ማንን ይጎዳል?

ወንድም፦ ታይፑ፣ ማለትም ዓይነቱ፣ ድንጋይ፣ መሬት ወይም ብረት ያልሆነውን ሁሉ። በየዙሩ መጨረሻ ከላይፉ አንድ አሥራ ስድስተኛውን... ውይ።

እህት፦ ዊምሲኮትስ?

ወንድም፦ ሣርና ፌሪ ነው። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ አሸዋው ነካክቶታል ማለት ነው። ላይፉ ሙሉ አልነበረም። ሁለተኛው ዙር ላይ ሳሹ ዝም ብሎ የያዘው ጨርቅ ነበር። ለዚህ ነዋ በአንድ ምት የሄደብኝ!

እህት፦ አየህ፣ ታይራኒታር ብቻውን ድንቅ ነው። ሳሽ የያዘ ዊምሲኮትም ብቻውን ድንቅ ነው። ጎን ለጎን ስታቆማቸው ግን አንዱ የሌላውን ጋሻ ይቀድዳል። እኔ የማንንም ቡድን ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው፦ እነዚህ ሁለቱ አብረው ሲቆሙ ምን ይሆናል? ሦስተኛው ሲጨመርስ? ጥንካሬ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ወንድም፦ ሌላም አለ። ሦስተኛው ፖኬሞኔ ጋርቾምፕ ነው። ኧርዝኩዌክ የሚባለውን የመሬት ሙቭ ሰጥቼዋለሁ።

እህት፦ ኧርዝኩዌክ ሁለት ለሁለት ሲሆን ከጎንህ ያለውንም ይመታል።

ወንድም፦ ታይራኒታርን እጥፍ ይጎዳዋል፣ ድንጋይ ነዋ። በሁለተኛው ጨዋታ ላይ ጋርቾምፕ ኧርዝኩዌክ ማድረግ ነበረበት፣ ግን ታይራኒታርን እንዳልገድለው ፈርቼ ሌላ ሙቭ መረጥኩ። በዚያው ዙር ጨዋታው ከእጄ ወጣ።

እህት፦ ስቶምፒንግ ታንትረም የሚባለውን ሌላ የመሬት ሙቭ ብትሰጠው ኖሮ አንድ ተጋጣሚ ብቻ ነበር የሚመታው። ኃይሉ ያንሳል፣ 75 ነው፤ ኧርዝኩዌክ 100 ነው። ግን ኧርዝኩዌክም ከአንድ በላይ ሲመታ ጉዳቱ ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ያን ያህል አታጣም። የማትፈራው ሙቭ ይኖርሃል፣ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ወንድም፦ እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ደካማ ነገር መምረጥ ያንገሸግሸኛል። ትልቁ ቁጥር እያለ ለምን ትንሹን?

እህት፦ ለዚህ እኮ ነው ፓቺሪሱን የማነሣልህ።

ወንድም፦ የ2014ቱን?

እህት፦ አዎ። የዓለም ሻምፒዮናው በዋሽንግተን ዲሲ ነበር። የደቡብ ኮሪያው ሴ ጁን ፓርክ ፓቺሪሱን ይዞ መጣ። ፓቺሪሱ የኤሌክትሪክ ሽኮኮ ናት፣ የምታሳሳ። እንደ ጥቃትና ፍጥነት ያሉት መሠረታዊ የአቅም ቁጥሮቿ ሁሉ ሲደመሩ 405 ናቸው። የጋርቾምፕ 600 ነው። በጉልበት ብትለካት ማንም አይመርጣትም። እሱ ግን ይዟት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ወንድም፦ ሁሌም ሰዎች ሲያወሩት እሰማለሁ፣ ግን እንደ ተአምር ነው የሚያወሩት።

እህት፦ እኔም የሚቆጨኝ እሱ ነው! ምንም ተአምር የለበትም፣ ሒሳብ ነው። ቡድኑ ውስጥ ጊያራዶስ ነበር። ጊያራዶስ ውሃና በራሪ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አራት እጥፍ ይጎዳዋል። ሜጋ ሲሆን፣ ማለትም በጨዋታው መሃል ወደ ጠንካራ መልኩ ሲቀየር፣ እንኳን እጥፍ ይጎዳዋል። ፓቺሪሱ ደግሞ ፎሎው ሚ የሚባል ሙቭ አላት። ወደ ጓደኛዋ የተወረወረውን ምት ወደ ራሷ ትስባለች። ችሎታዋ ቮልት አብዞርብ ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲመታት በመጎዳት ፋንታ ላይፏ ይጨምራል። እስቲ አስበው፦ ተጋጣሚ ጊያራዶስን ሊገድል የላከው መብረቅ ለሽኮኮዋ መድኃኒት ይሆናል።

ወንድም፦ ማጥቂያዋስ? ጉልበት የላትም።

እህት፦ ሱፐር ፋንግ የሚባል ሙቭ። የተመታው ከቀረው ላይፍ ግማሹን ያጣል። የመቺው ጉልበት አይቆጠርም። ደካማ መሆኗ ምንም አልጎዳትም ማለት ነው፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ አልተሰጣትማ። ሰውየው ጊያራዶስን ለማሠራት ምን ያስፈልጋል ብሎ ጠየቀ፣ መልሱ ሽኮኮ ሆነ። እኔ ያንን ቡድን ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። ስድስቱም ለምን እንደተመረጡ ይነግሩሃል።

ወንድም፦ ስለዚህ ቡድን ስሠራ ከአንድ ነገር ልነሣ። እኔ ታይራኒታርን እወደዋለሁ። ከእሱ ልነሣ።

እህት፦ ጥሩ። ታይራኒታር ምን ያሳስበዋል?

ወንድም፦ ፍጥነት። ቀርፋፋ ነው።

እህት፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ፖኬሞን የምታከፋፍልለት 510 የሥልጠና ነጥብ አለው። ለአንዱ አቅም፣ ለጥቃት ወይም ለፍጥነት በሉት፣ ከ252 በላይ አይፈቀድም። አብዛኛው ሰው 252 ለጥቃት፣ 252 ለፍጥነት፣ ከተረፈው 4ቷን የሆነ ቦታ ጣል አድርጎ ይሄዳል። አንተስ?

ወንድም፦ ልክ እንደዚያው ነው ያደረግሁት።

እህት፦ ለታይራኒታርም? እንግዲያው አስላልኝ። ፍጥነት ላይ ምንም ነጥብ ባትጨምርለት ደረጃ 50 ላይ 81 ነው። 252 ብትሰጠው 113 ይሆናል። ጋርቾምፕ ደግሞ ሙሉ ነጥብና ፍጥነት የሚጨምር ኔቸር (ጠባይ) ሲኖረው 169 ነው።

ወንድም፦ 113 ለ169 ምንም አያደርስም።

እህት፦ አያደርስም። ስለዚህ ያ ሁሉ ነጥብ ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ግን ቴይልዊንድ አለህ። ቴይልዊንድ ፍጥነትን እጥፍ ያደርጋል። የ81 እጥፍ ስንት ነው?

ወንድም፦ 162። አሁንም 169ን አላለፍኩም።

እህት፦ ለፍጥነት 28 ነጥብ ስጠው። 85 ይሆናል።

ወንድም፦ እጥፉ 170! በአንድ ቀደምኩት!

እህት፦ ያቺ አንዷ ናት የምትወስነው። ጋርቾምፕ ከቀደመህ በመሬት ምት ታይራኒታርን እጥፍ ይጎዳዋል። አንተ ከቀደምክ ደግሞ አይስ ፓንች የሚባል የበረዶ ሙቭ አለህ። ጋርቾምፕ ድራጎንም መሬትም ስለሆነ በረዶ አራት እጥፍ ይመታዋል። ማን ቀድሞ እንደሚመታ ማለት ማን እንደሚተርፍ ማለት ነው። ከ252ቱ ያተረፍከውን 224 ነጥብ ላይፍና መከላከያ ላይ አድርገው። አሸዋው ሲነሣ ደግሞ የድንጋይ ፖኬሞኖች ልዩ መከላከያ በግማሽ ያድጋል። ያኔ እሱን ማንሣት ከባድ ነው።

ወንድም፦ ይህን ሒሳብ ለስድስቱም መሥራት አለብኝ?

እህት፦ አዎ፣ ለስድስቱም። ጊዜ ይወስዳል። ጉዳት የሚያሰሉ ማሽኖች ኢንተርኔት ላይ በነፃ አሉ፣ ተጠቀምባቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘህ ግባ፦ ይሄ ፖኬሞን የማንን ምት መቻል አለበት፣ ማንንስ መቅደም አለበት? መልሱን ካላወቅህ ገና ቦታውን አላገኘም።

ወንድም፦ በትላልቅ ውድድሮች ላይ እኮ ዕቃህንና ሙቮችህን ተጋጣሚህ አስቀድሞ ያያል።

እህት፦ ያያል። የነጥቡን አከፋፈል ግን አያይም። 28ቷን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ወንድም፦ ትሪክ ሩምስ? በሦስተኛው ጨዋታ የገጠመኝ እሱ ነበር። የተነሣበትን ዙር ጨምሮ አምስት ዙር ይቆያል፣ ሳለም ቀርፋፋው ይቀድማል። ቀርፋፋውን ቶርኮልን አወጣብኝ፣ እሳቱን እየተፋ ጨረሰን።

እህት፦ ለእሱ መልስ ይዘህ መምጣት አለብህ። ኢንሲኔሮር የሚባለው ፖኬሞን ቢኖርህ፣ ፌክ አውት በሚባለው ሙቭ በገባበት ዙር ቀድሞ ይመታል፣ የተመታው ይደነግጥና ያንን ዙር አይንቀሳቀስም። ትሪክ ሩም የሚያነሣውን እንዲህ ማቆም ትችላለህ፣ ለመንፈስ ፖኬሞኖች ባይሠራም። ኢንቲሚዴት የሚባለው ችሎታውም ሜዳ ሲገባ የተጋጣሚን ጥቃት ወደ ሁለት ሦስተኛ ያወርዳል። ብዙ ቡድን ውስጥ የምታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ወንድም፦ ታይፑስ? 18ቱንም የሚሸፍን ቡድን መሥራት አለብኝ ይላሉ።

እህት፦ እኔ በዚህ ብዙ አልጨነቅም። ሦስት ፖኬሞኖችህ በአንድ ታይፕ የሚጎዱ ከሆነ ተጠንቀቅ። ከዚያ ውጪ በጨዋታው አንድ ጊዜ ቴራስታል አድርገህ የአንዱን ታይፕ መቀየር ትችላለህ። ሰንጠረዥ ለመሙላት ብለህ የማትጫወትበትን ፖኬሞን አታስገባ።

ወንድም፦ የሌላን ሰው ቡድን መቅዳትስ? ነውር ይመስለኛል።

እህት፦ ምን ነውር አለው? ያሸነፈ ቡድን ውሰድ፣ ሃያ ጨዋታ ተጫወትበት። ሰውየው ለምን 28 እንደሰጠ የሚገባህ ያኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ በተሸነፍክ ቁጥር ፖኬሞን አትቀይር። የትኞቹን አራት እንደመረጥክ፣ ማንን እንዳስቀደምክ ጻፍ። የቅዳሜው አራት ጨዋታ ላይ አራቱንም ጊዜ እነዚያኑ ሁለቱን አስቀድመሃል፣ ልክ ነኝ?

ወንድም፦ ልክ ነሽ። ስለዚህ ዊምሲኮትን ላውጣው? በሱ ቦታ ኮርቪናይት የሚባለውን ፖኬሞን ማስገባት እችላለሁ። ብረት ነው፣ አሸዋ አይነካውም። በራሪ ስለሆነ ኧርዝኩዌክም አይመታውም። ቴይልዊንድም ያውቃል።

እህት፦ ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ፕራንክስተር የለውም፣ ቴይልዊንዱን ከማንሣቱ በፊት ይቀደማል። ሁለቱንም መልሶች እንያቸው። ስድስት ይዘህ አራት እንደምትመርጥ አትርሳ። ዊምሲኮትና ታይራኒታር በአንድ ጊዜ እንዲወጡ ማን አስገደደህ?

ወንድም፦ ቆይ... ዊምሲኮትን ከጋርቾምፕ ጋር አወጣለሁ። አሸዋ የለም፣ ሳሹ ይሠራል።

እህት፦ ቀጥል።

ወንድም፦ ዊምሲኮት ቴይልዊንድ ያነሣል። ጋርቾምፕ ይመታል። ዊምሲኮት ሥራውን ጨርሶ ሲወድቅ ታይራኒታር በቦታው ይገባል፣ ለመቀያየር ዙር ሳላባክን። አሸዋው ያኔ ይነሣል። ጋርቾምፕ መሬት ስለሆነ አሸዋው አይነካውም!

እህት፦ ቴይልዊንዱ አራት ዙር ነው፣ የተነሣበትም ዙር ይቆጠራል። ስለዚህ አትዘግይ። ዊምሲኮት ሦስተኛው ዙር ድረስ ከቆየ ለታይራኒታር የሚቀረው አንድ ዙር ብቻ ነው።

ወንድም፦ ኧርዝኩዌኩን በስቶምፒንግ ታንትረም እቀይራለሁ። ታይራኒታር ላይ 28። ሌላ ምንም አልነካም። ሃያ ጨዋታ እጫወትበታለሁ፣ እጽፈዋለሁ።

እህት፦ የመጀመሪያውን ከእኔ ጋር ተጫወት። ትሪክ ሩም ነው የማመጣብህ፣ ቶርኮልም አለ።

ወንድም፦ አሁኑኑ?

እህት፦ አሁኑኑ። አድማጮቻችን፣ ውጤቱን በሚቀጥለው እንነግራችኋለን። ክፈተው፣ 90 ሰከንድ አለህ።

ወንድም፦ ከፈትኩ። ኢንሲኔሮርን የት ነው ያስቀመጥኩት?